«እኔ» ብሎ ስለ መጻፍ፤ ለወዳጅ የሚዋሱ የትዝታ መጻሕፍት

መጽሐፍ ለወዳጁ የሚያውስ ሰው ከልቡ ቈርሶ ይሰጣል። ገንዘብ የተበደረ ሰው የወሰደውን ቈጥሮ ሲመልስ ዕዳው ያልቃል፤ መጽሐፍ የተዋሰ ሰው ግን መጽሐፉን ቢመልስም እንኳ «ምን አገኘህበት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ባለዕዳ ነው። ስለዚህ በአገራችን መጽሐፍ ማዋስ የሚፈራው መጽሐፉ ሳይመለስ ይቀራል ተብሎ ብቻ አይመስለኝም። እኔ የወደድሁትን ሌላው ሰው ባይወደውስ የሚል ስውር ሥጋትም አለበት።

እኔና አምስት ወዳጆቼ ይህን ሥጋት ለማሸነፍ አንድ ልማድ አበጅተናል። በየወሩ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከስድስታችን በአንዱ ቤት እንሰበሰባለን፤ ቡናው እስኪፈላ ድረስ እያንዳንዱ በወሩ ያነበበውን መጽሐፍ አውጥቶ ያገኘበትን ይናገራል፤ ማታ ስንለያይም መጻሕፍቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። ሕጋችን አንድ ብቻ ነው፤ ልብ ወለድ አይቀርብም። ይህን ሕግ ስናወጣ ልብ ወለድን ንቀን አልነበረም። ስለ ልብ ወለድ የሚናገርና የሚጽፍ ሰው ብዙ ስለ ሆነ፥ በእውነት የኖሩ ሰዎች በእውነት የሆነውን ነገር የጻፉባቸው መጻሕፍት ጠያቂ ዐጥተው አቧራ እንዳይለብሱ በማሰብ ነበር።

ባለፈው ወር ስብሰባችን ከመካከላችን በዕድሜ የሚያንሰው የሒሳብ መምህር አንድ ብርቱ ጥያቄ አቀረበ። «በችሎት ፊት ለራሱ የሚመሰክር ሰው አይታመንም። እንግዲያስ ታላላቅ ሰዎች ስለ ራሳቸው የጻፉትን እውነት ነው ብላችሁ የምትቀበሉት በምን ሕግ ነው?» አለን። ነገሩ ለጊዜው ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ጥቂት ቆይተው ግን በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት ጡረተኛ እናታችን፥ ዘመናቸውን በቤተ መጻሕፍት ሥራ ያሳለፉት፥ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ልጄ፥ ከእርሱ በቀር ያየ ሰው ከሌለስ?» ሲሉ መለሱለት።

ይህ ጽሑፍ በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል የቆመ ነው። ለአንባብያን የማቀርባቸው መጻሕፍት እኔ የምወዳቸውና ለወዳጆቼ የማውሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ የሚወዱትን መጽሐፍ ሁሉ ማመስገን ሒስ ስላልሆነ፥ ጕድለት የመሰለኝንም ሳልደብቅ እናገራለሁ።

በቅድሚያ ስለ አንዲት ቃል ልናገር፤ ይህችውም «እኔ» የምትለው ናት። የሰውን ሕይወት መጻፍ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቅዱሳን ገድልና የነገሥታት ዜና መዋዕል ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጻፉ ኖረዋል። ገላውዴዎስ የተባለው ጸሐፊ በ17ኛው መቶ ዓመት የጻፈው የወለተ ጴጥሮስ ገድል እስከ ዛሬ ድረስ በልዩ ልዩ አገር ሊቃውንት ይመረመራል። ነገር ግን በገድልም ሆነ በዜና መዋዕል ባለታሪኩ ራሱ ብዕር አንሥቶ አይናገርም፤ የሚናገርለት ሌላ ነው።

«እኔ» የምትለው ቃል በቀድሞው ዘመን የነበሯት ሁለት ማደሪያዎች ነበሩ። አንደኛው የብራና ጸሐፊው ማሳሰቢያ ነው። ጸሐፊው ብዙ ወር ደክሞ መጽሐፉን ከጨረሰ በኋላ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ኃጢአተኛና በደለኛ መሆኑን ይናዘዝና አንባቢው በጸሎት እንዲያስበው ይለምናል። በዚህ ቦታ «እኔ» ማለት ዝቅ ማለት ነው። ሁለተኛው ማደሪያ ፉከራው ነው። ጀግናው ከግዳጅ ተመልሶ በጌታው ፊት ሲቆም አባቱንና ፈረሱን ጠርቶ የጣለውን ጠላት ይቈጥራል። በዚህ ቦታ «እኔ» ማለት ከፍ ማለት ነው። ዘመናዊው የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ የሚቆመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ከመጠን በላይ ዝቅ ቢል የምንማርበት ነገር ሳይነግረን ያልፋል፤ ከመጠን በላይ ከፍ ቢል የሒሳብ መምህሩ ወዳጃችን እንዳለው ለራሱ የሚመሰክር ይሆናል። እኔ አንድን የትዝታ መጽሐፍ የምመዝነው በዚህ ሚዛን ነው።

በመጀመሪያ የማነሣው የብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን መጽሐፍ ነው። ርእሱ «የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ» ሲሆን፥ ንኡስ ርእሱ የዘመን ታሪክ ትዝታቸውን ካዩትና ከሰሙት እንደ ጻፉት ይገልጻል። ዘመኑ ከ1896 እስከ 1922 ዓ.ም. ያለው ነው። ይኸውም ከዐፄ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት ጀምሮ በልጅ ኢያሱ ዘመን አልፎ እስከ ንግሥት ዘውዲቱ ዕረፍት ድረስ ማለት ነው። ደራሲው የቤተ ክህነት ትምህርት የጠነቀቁ ሊቅ ነበሩ፤ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፋቸውንም ብዙ ተማሪ ያውቀዋል።

በዚህ መጽሐፍ ትልቁ ትምህርት ገና በርእሱ ላይ ይገኛል። «ካየሁትና ከሰማሁት» የሚለው ቃል ከአንባቢ ጋር የተደረገ ውል ነው። ያየውና የሰማው አንድ አይደለም። ያየ ሰው ምስክር ነው፤ የሰማ ሰው መልእክተኛ ነው። ሰዋስው ያስተማሩ ሰው እንደ መሆናቸው መጠን በሁለቱ ግሶች መካከል ያለውን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቁታል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ፥ ከዚያም በወሩ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ያ ሁሉ ደም ሲፈስ፥ የአገሩ ሰው ሁሉ በወሬ ይኖር ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ የሰማሁት ይህ ነው፥ ያየሁት ይህ ነው ብሎ ለይቶ መጻፍ ትልቅ ትጋት ይጠይቃል።

ሌላው የዚህ መጽሐፍ በጎነት የከተማውን ኑሮ መመዝገቡ ነው። በ1911 ዓ.ም. ስለ ወረደው ስለ ኅዳር በሽታ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደዚህ መጽሐፍ መሄድ ይገባዋል። ዛሬ በኅዳር ወር በየደጁ ቆሻሻ ሲቃጠልና ሲታጠን የሚያይ ሕፃን ምክንያቱን አያውቅም። ምክንያቱን የምናውቀው እንደ መርስዔ ኀዘን ያሉ ሰዎች ስለ ጻፉት ነው። ጕድለቱን ብናገር ግን ደራሲው ራሳቸውን እንደ ጥንቱ የብራና ጸሐፊ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ደብቀዋል። ዘመኑን በሚገባ እናየዋለን፤ በዘመኑ ውስጥ የሚሄደውን ወጣት ደብተራ ልብ ግን ጥቂት ብቻ እንገምታለን። ምን ፈሩ? ማንን ወደዱ? በማን አዘኑ? ትሕትናቸው ይህን ከእኛ ወስዶብናል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው መጽሐፍ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። እንደ አጋጣሚ እርሱም በዚያው በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል። ደራሲው ለመጽሐፋቸው «ኦቶባዮግራፊ» የሚል ባዕድ ቃል በርእስነት ሰጥተው፥ «የሕይወቴ ታሪክ» የሚለውን አማርኛ ከሥሩ አኑረዋል። ይህም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ራስን በግልጥ መጻፍ በአማርኛ ገና ስም ያልወጣለት ሥራ መሆኑን የተረዱ ሰው ነበሩ።

ሕይወታቸውም ለልብ ወለድ የሚበቃ ነው። በ1876 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ ተወለዱ፤ በሐረር በራስ መኰንን ቤት አደጉ፤ ገና ልጅ ሳሉ ከአድዋ ዘመቻ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ መስኮብ አገር ሄደው የመድፈኛ መኰንንነት ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት እየተባለ የሚጠራውን የአውሬዎች ኮሜዲያ ደረሱ፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ዋና ሠራተኛ ሆኑ፤ ጣሊያን በዛተብን ጊዜም በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ቆሙ።

እኚህ ሰው ሲጽፉ ከፉካሪው ወገን ናቸው። የማንንም ፊት አይተው ቃላቸውን አያለሰልሱም፤ በሚበልጧቸው ሹማምንት ላይ የሚፈርዱት በሚያንሷቸው ላይ በሚፈርዱበት ሚዛን ነው። አንባቢን እስከ መጨረሻው ገጽ ይዞ የሚሄደው ይህ ድፍረታቸው ነው። ነገር ግን ድፍረቱ ጥላ አለው። በብዙ ቦታ የቀናው ምክር የእርሳቸው፥ የተሳሳተው ሥራ የሌላው ሆኖ ይታያል። አንባቢ ይህን ሲያይ መጽሐፉን መጣል የለበትም፤ ሌላ ምስክር መጥራት እንጂ።

ሌላው ምስክር ሩቅ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1965 ዓ.ም. ታትሟል፤ የተጻፈው ግን ንጉሠ ነገሥቱ በስደት በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በነበሩበት ጊዜ ነው። ከተጻፈበት እስከ ታተመበት ዘመን ድረስ ከ30 ዓመት በላይ አልፏል። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጸሐፊው ከዙፋናቸው ወረዱ። ስለዚህ የትናንቱ አንባቢ እንደ ገዥው ንጉሥ ቃል የተቀበለውን መጽሐፍ የዛሬው አንባቢ እንደ አንድ ምስክር ቃል ይመረምረዋል። ይህ ለመጽሐፉ ውርደት አይደለም፤ እንዲያውም በነጻነት የተነበበው አሁን ነው።

መጽሐፉ በደብዳቤና በዐዋጅ፥ በንግግርና በውል ቃል የተሞላ ስለ ሆነ ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ጎተራ ነው። ነገር ግን አንባቢ ሰውየውን ሲፈልግ የሚያገኘው መንግሥቱን ነው። በኅዳር በሽታ ለሞት ደርሰው እንደ ዳኑ ሲናገሩ እንኳ ነገሩን በአጭር ያልፉታል። ይህን ከመርስዔ ኀዘን ጋር አስተያይቶ የሚያነብ ሰው አንድ መቅሠፍት ከአልጋ ላይና ከመንገድ ላይ ሲታይ እንዴት ሁለት መልክ እንዳለው ይረዳል። እንዲሁም በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አገራቸውን ትተው ለአቤቱታ ወደ ዤኔቭ ለመሄድ የቈረጡበትን ምክንያት ከራሳቸው መጽሐፍ ማንበብ ይገባል። ያን ጕዞ ካልደገፉት ሰዎች አንዱ ተክለ ሐዋርያት ነበሩ፤ ስለዚህ የሁለቱ መጻሕፍት ቦታ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ነው። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ወገንተኛ ይሆናል፤ ሁለቱንም ያነበበ ሰው ዳኛ ለመሆን ይሞክራል።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምወዳቸው ወደ ሁለቱ መጻሕፍት ልምጣ። አንደኛው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ነው፤ ሁለተኛው የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ «ካየሁት ከማስታውሰው» ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዘመቻ ዘምተዋል፤ አንድ ሽንፈት ቀምሰዋል፤ በአንድ የባዕድ ደሴት ታስረዋል። አንዱ አዛዥ፥ ሌላው ወጣት ዘማች ነበሩ። በሁለት ከፍታ ላይ ቆመው አንድን ሸለቆ እንደ ተመለከቱ ሰዎች ናቸው።

ልዑል ራስ እምሩ የጎጃም ገዥ ሳሉ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በተከዜ አካባቢ የጣሊያን አይሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ ያወረዱት በዚህ ሠራዊት ላይ ነበር። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ከተሸነፈና ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ልዑልነታቸው ወደ ምዕራብ ተሻግረው ጦርነቱን ለመቀጠል ሞከሩ፤ በ1929 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ግን በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ከዚያም ወደ ጣሊያን አገር ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በ1943 እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣኑ ተሽሮ እስረኛ ሆኖ ወደዚያችው ወደ ፖንዛ ተወሰደ። እንዲህ ያለውን ነገር ልብ ወለድ ደራሲ ቢጽፈው አጋነነ ይባል ነበር።

የልዑል ራስ እምሩ አጻጻፍ ቍጥብ ነው። ለፉከራ የሚበቃ ብዙ ነገር የነበራቸው ሰው ሳይፉክሩ ጽፈዋል። «ካየሁት ከማስታውሰው» የሚለውን ርእስ ልብ ብለን እንመልከት። መርስዔ ኀዘን ያዩትንና የሰሙትን ሲለዩ፥ ልዑል ራስ እምሩ ደግሞ ያዩትንና ያስታወሱትን ለዩ። ሰው ያየውን ሁሉ አያስታውስም፤ ያስታወሰውንም ሁሉ አላየውም። ይህን በርእሱ ላይ የሚያምን ሰው ለአንባቢው ክብር ሰጥቷል ማለት ነው። ጕድለት የምለው፥ ይህ ቍጥብነት አንዳንድ ጊዜ ወደ ዝምታ መድረሱን ነው። በተለይም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በአንድ ቤት ያደጉ ዘመድ ሆነው፥ ደግሞም በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ያደረጉት ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው የሰየሟቸው ሰው ሆነው ሳለ፥ አንባቢ ከልባቸው የበለጠ ነገር ለመስማት ይጓጓል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በአንጻሩ በጎጃም በመምህርነት ሲያገለግሉ ወደ ጦርነቱ የሄዱ ወጣት ነበሩ። ተማርከው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ከታሰሩ በኋላ ወደ አገራቸው የተመለሱት ጣሊያን ድል ከሆነ በኋላ ነው። «ትዝታ» የታተመው በ1985 ዓ.ም. ሲሆን ይህም ጦርነቱ ከተደረገ ከ57 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በመካከሉ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ወጥቶ ስማቸው በየቤቱ ተጠርቷል። እንግዲህ የልብ ወለዱን ጌታ የሚያውቅ አንባቢ «ትዝታ»ን ሲከፍት ያን ያማረ ጨዋታ ይጠብቅ ይሆናል። የሚያገኘው ግን ሌላ ነው። ደራሲው የልብ ወለድ ጥበባቸውን ለእውነቱ አገልጋይ አድርገውታል። ታላቁን ጦርነት የሚነግሩን ከታናሹ ሰው ቁመት ላይ ሆነው ነው። በጄኔራሎች ካርታ ላይ ቀስት ሆኖ የሚታየው ጕዞ በእርሳቸው ዘንድ የደከመ እግርና የራበው ሆድ ነው። «እኔ» ሲሉም ከፉካሪው ወይም ከናዛዡ ይልቅ ከጓደኞቹ ጋር አብሮ የሚሄደውን ሰው ይመስላሉ። እኔ ስፈልገው የነበረው «እኔ» ይህ ነው።

ይሁን እንጂ 57 ዓመት ረዥም ዘመን ነው። ትዝታ እንደ ጠጅ ሲከርም ጣዕሙ ይለወጣል። አንባቢ «ትዝታ»ን ሲያነብ ሦስተኛ ምስክር ቢጨምር መልካም ነው፤ እርሱም የቼኩ ሰው የአዶልፍ ፓርለሳክ መጽሐፍ ነው። ፓርለሳክ በዚያው ጦርነት በራስ ካሣ ሠራዊት ውስጥ በአማካሪነት የነበረ ሲሆን፥ የጻፈውን ተጫነ ጆብሬ መኰንን ከቼክ ቋንቋ ወደ አማርኛ መልሰው «የሀበሻ ጀብዱ» በሚል ርእስ አሳትመውታል። መጽሐፉ በአንባብያን ዘንድ እጅግ ተወድዷል። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ እንግዳ ሰው እኛ ከመልመዳችን የተነሣ የማናየውን ያያል። የእሳቱን ዳር ጨዋታ፥ የበቅሎውን ጭነት፥ የሠራዊቱን ሥርዐት ልብ ብሎ የሚጽፈው እርሱ ነው። ሆኖም ጀብዱ የሚለውን ቃል አንርሳ። ጀብደኛ ተራኪ ጨዋታው እንዳይቀዘቅዝበት ይሠጋል፤ ስለዚህ ረዣዥም ንግግሮችን ቃል በቃል ሲያቀርብ በማን ማስታወሻ እንደ ተያዙ መጠየቅ የአንባቢ መብት ነው።

እስካሁን የዘረዘርኋቸው መጻሕፍት ሁሉ የወንዶች መሆናቸውን አንባቢ አስተውሎ ይሆናል። ይህን በስብሰባችን ላይ ያነሡት እናታችን ናቸው። «በዚያ ጦርነት ስንቅ የተሸከመችው፥ ቍስለኛ ያሰረችው፥ ልጅ ይዛ የተሰደደችው የት ጻፈች?» አሉ። እርግጥ ነው፥ የጻፈችውን እናገኛለን፤ ግን ጥቂት ናት። በኦጋዴን ግንባር የጦር አዛዥ የነበሩት የደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ልጅ ማርታ ነሲቡ፥ አባቷ በጥቅምት 1929 ዓ.ም. በስዊስ አገር ካረፉ በኋላ ከእናቷና ከወንድም እኅቶቿ ጋር በጣሊያኖች ወደ ግዞት ተወስዳ ከቦታ ወደ ቦታ መንከራተቷን ጽፋለች። መጽሐፏ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ግን በጣሊያንኛ ነው። ግዞቱ የልጅነት ቋንቋዋን እንኳ ለውጦባት ትዝታዋን በወሰዷት ሰዎች ቋንቋ ጻፈች። ይህን ሳስብ ስለ አማርኛ መደርደሪያችን ባዶ ቦታ አዝናለሁ።

ይህ ባዶ ቦታ ለእኔ የሩቅ ነገር አይደለም። አያቴ ከጎጃም ከዘመቱት አንዱ ነበር። በቤታችን በሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች፥ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ደብተር ነበረችው። በልጅነቴ ሁለት ጊዜ ገልጬ አይቻታለሁ። ጀግንነት እፈልግባት ነበር፤ ያገኘሁት ግን የዱቄት መስፈሪያ፥ የበቅሎ ቍጥር፥ ከዚያም በሁለት ገጽ ላይ ከመንደራችን ዘምተው ያልተመለሱ ሰዎች ስም ዝርዝር ብቻ ነበር። ታሪክ የሌለበት መሰለኝና መልሼ ጠቀለልኋት። አያቴ ካረፈ በኋላ ቤቱ ሲታደስ ደብተሯ ጠፋች። እሳት ይብላት፥ ዝናብ ያርጥባት፥ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ዝርዝር እኔ ዛሬ የማስታውሰው ሦስት ስም ብቻ ነው።

እንግዲህ የሒሳብ መምህሩ ወዳጄ ለጠየቀው የምመልሰው ይህ ነው። ለራሱ የሚመሰክር ሰው ብቻውን አይታመንም፤ እውነት ነው። ነገር ግን የትዝታ መጽሐፍ ብቻውን እንዲቆም አልተጻፈም። መርስዔ ኀዘንን ከንጉሠ ነገሥቱ፥ ንጉሠ ነገሥቱን ከተክለ ሐዋርያት፥ ሐዲስን ከልዑል ራስ እምሩ፥ ሁሉንም ከእንግዳው ከፓርለሳክ ጋር ስታስተያይ ችሎቱ ይሞላል። ዳኛውም አንባቢው ነው። ምስክሩ በተናገረው ቢዋሽ ሌላ ምስክር ያርመዋል፤ ሳይናገር የቀረውን ግን የሚያርም የለም። የአያቴ ደብተር ስሕተት ቢኖርባት ዛሬ በደስታ ባረምኋት። የጠፋውን ማረም ግን አልችልም።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል። እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ በመጽሐፍ ያለውም ጠባቂ ካላገኘ ይጠፋል። ተክለ ሐዋርያት ካረፉ በኋላ መጽሐፋቸው ለመታተም 30 ዓመት ገደማ ጠብቋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ አብዮትና ጦርነት፥ የቤት ለውጥና ስደት ነበር። የእጅ ጽሑፉ ከዚያ ሁሉ መትረፉ የጠባቂዎቹ ትጋት ነው። ስንቱ ሣጥን ግን እንደ እኛ ቤት ሣጥን ባዶውን ቀርቶ ይሆን?

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ላነበበ ሰው ሁለት ነገር አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፥ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን አንብቦ ለወዳጁ እንዲያውስ ነው፤ ሲያውስም ተቃራኒውን መጽሐፍ አብሮ ይስጥ። ሁለተኛው፥ በቤቱ የአረጋውያን ደብተር ወይም ደብዳቤ ካለ ዛሬውኑ ገልብጦ አንዱን ቅጂ በቤቱ፥ ሌላውን በቤተ መዛግብት ወይም በስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እንዲያኖር ነው። ደብተር ከሌለና ሽማግሌው ወይም አሮጊቷ በሕይወት ካሉ፥ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ከእግራቸው ሥር ይቀመጥ። ሲጽፍም ያዩትን ካዩት፥ የሰሙትን ከሰሙት ጋር ለይቶ ያኑር፤ ቀኑንና ቦታውን አይርሳ፤ የዱቄቱን መስፈሪያና የሰዎቹን ስም «ታሪክ የለበትም» ብሎ አይዝለል።

በሚመጣው ወር ስብሰባ ተራው የእኔ ነው። የታተመ መጽሐፍ ይዤ አልሄድም። ሦስቱን ስሞች በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ አነባቸዋለሁ፤ ከዚያም ወደ ትውልድ መንደሬ ወርጄ የቀሩትን የሚያስታውስ ሰው ካለ እጠይቃለሁ። ወዳጆቼ ሕጋችንን አፍርሰሃል እንደማይሉኝ ተስፋ አለኝ፤ ልብ ወለድ አይደለምና።